ፕሮሰሰሩ ዱባይ ነው፤ ማዘርቦርዱ የቱ ይሁን?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው። አሮጌው ማሽኔ ደክሟል። ዱባይ ያለችው እህቴ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ኮር አይ5 12400ኤፍ ፕሮሰሰር ልታመጣልኝ ነው። ማዘርቦርዱን ግን እዚሁ አዲስ አበባ ልገዛ አስቤያለሁ። መርካቶ ዞሬ አራት ዓይነት አሳዩኝ፦ ኤች510፣ ኤች610፣ ቢ660 እና ዜድ690። አንዱ ሻጭ ‹ሁሉም የኢንቴል ነው፣ የፈለግኸውን ውሰድ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ዜድ ካልሆነ አትልፋ› አለኝ። ከአሮጌው ማሽን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ አንድ ኤስኤስዲና ሁለት ሀርድ ዲስክ አለኝ። እነሱን መጣል አልፈልግም። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ሻጮች አሳስተውሃል። የመጀመሪያውን ብትሰማ የማይገጥም ቦርድ ይዘህ ቤትህ ልትገባ ትችል ነበር። ሁለተኛውን ብትሰማ ደግሞ ለማትጠቀምበት ነገር ትከፍላለህ። ችኩል ከሆንክ መልሱ ይኸው፦ ቢ660 ግዛ። ዲዲአር4 የሚቀበል ይሁን፤ አራት የራም ማስገቢያም ይኑረው። በተቀራራቢ ዋጋ ቢ760 ካገኘህ እሱም ጥሩ ነው።

ግን ከቦርዱ በፊት አንድ ጣጣ አለ። ጥያቄህ ውስጥ ራምህን ነገርከኝ፣ ኤስኤስዲህን ነገርከኝ፣ ሀርድ ዲስክህን ነገርከኝ። ስለ ግራፊክስ ካርድ ምንም አላልክም። የፕሮሰሰርህ ስም ደግሞ የሚያልቀው በ«ኤፍ» ነው።

ኢንቴል ኤፍ የሚላቸው ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ አይሠራላቸውም። ለብቻው የሚገዛ ካርድ ከሌለህ ምስል የለም። የሚያታልለው ቦርዱ ነው። ጀርባው ላይ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ታያለህ፣ ሞኒተርህን ትሰካለህ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር። ቦርዱ ተበላሽቷል ብለህ ወደ ሱቁ ትሮጣለህ። ሻጩ «ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው» ይልሃል። ፕሮሰሰሩ የተገዛው ዱባይ ነው። ንትርክ ይጀመራል። የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ መሰኪያው የሚሠራው ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ሲገባ ብቻ ነው።

ስለዚህ እህትህ ገና ካልገዛች ዛሬውኑ ደውልላት። ኤፍ የሌለበትን፣ 12400 ብቻ የሚለውን ትግዛ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ሲወጡ በኢንቴል ዋጋ የነበራቸው ልዩነት 25 ዶላር ያህል ነበር። ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 6 ኮር፣ 12 ትሬድ ናቸው።

ለአንተ ሥራ ደግሞ ይህ ልዩነት ምስል ከማግኘትም ያለፈ ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮ የሚፈታና የሚጨምቅ ክፍል አለ። ካሜራህ ኤች.265 በሚባለው አጨማመቅ፣ ቀለም በብዛት በሚይዘው 4:2:2 10 ቢት የሚቀርጽ ከሆነ ያንን ፋይል ታይምላይን ላይ ስታስኬድ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ አንተ ታውቀዋለህ። ኩዊክ ሲንክ ይህን ፋይል በሃርድዌር ይፈታዋል። የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ከ50ኛው ተከታታይ በፊት የወጡት አይፈቱትም። ማለትም ውድ ካርድ የገዛ ሰው በሚንገላታበት ፋይል ላይ የአንተ ርካሽ ፕሮሰሰር ሊቀድመው ይችላል። የሰርግ ኤዲተር ኤፍ ሲገዛ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ጌም ለሚጫወት ሰው ግን ኤፍ ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ካርድ መግዛቱ አይቀርምና።

ወደፊት ካርድ ስትጨምር አንድ ነገር አስታውስ። ብዙ ቦርዶች ካርድ ሲገባላቸው የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በራሳቸው ያጠፉታል። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚቀድመው የቦርዱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተህ ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ ማብራት አለብህ። አለበለዚያ ኩዊክ ሲንክ እያለህ እንደሌለህ ትሆናለህ።

አሁን ወደ ቦርዱ እንምጣ።

የመጀመሪያው ሻጭ ያቀረበልህ ኤች510 በአካል አይገጥምም። ሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማስገቢያ፣ ኤልጂኤ 1200 ነው፤ ለ10ኛና ለ11ኛ ትውልድ የተሠራ። የአንተ ፕሮሰሰር 12ኛ ትውልድ ነው፣ ሶኬቱም ኤልጂኤ 1700። ቅርጹ ራሱ ይለያያል። የድሮው 37.5 በ37.5 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ነበር። የአንተው 37.5 በ45 ነው፤ ሞላላ ብጤ። በጉልበት ልግፋው ብትል ሁለቱንም ታጣለህ። «ኢንቴል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም። ኢንቴል በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ሶኬት ሲቀያይር የኖረ ድርጅት ነው። ሱቅ ስትገባ ብራንዱን ትተህ «ሶኬቱ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። 1700 ካልተባልክ ወደሚቀጥለው ሱቅ።

ቀሪዎቹ ሦስቱ፣ ኤች610ም ቢ660ም ዜድ690ም፣ ፕሮሰሰርህን ይቀበላሉ። ልዩነታቸው ዙሪያው ላይ ነው።

ከዜድ690 ልጀምር። ዜድ የሚገዛው ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ለማስኬድ ነው። ይህን የሚፈቅዱት በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮች ናቸው። የአንተው ኬ የለበትም፤ የተቆለፈ ነው። ዜድ ላይ ብታስቀምጠውም ያው 12400 ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ዜድ690 ቦርዶች የሚቀበሉት ዲዲአር5 ነው። ያኔ ሁለቱ ራሞችህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ።

ሻጩ «ወደፊት ስታሳድግ ይጠቅምሃል» ማለቱም አይቀርም። እሱንም እንየው። ኤልጂኤ 1700 ላይ የሚገቡት 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ኮር አልትራ 200 የሚባሉት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሲወጡ ሶኬቱ ወደ 1851 ተቀይሯል። ስለዚህ ዜድም ገዛህ ቢ፣ መንገዱ የሚያልቀው 14ኛው ላይ ነው። የተረፈህን ገንዘብ ኤስኤስዲ ግዛበት።

ኤች610ን ግን አልንቀውም። ገንዘብ ካጠረህ 12400ን ያለችግር ያሠራልሃል። የቢሮ ሥራ ለሚሠራ ሰው እሱን ነው የምመክረው። አንተን የሚጎዳህ የራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ባለ 8 ይዘህ ትመጣለህ፣ ሁለቱም ይሞላሉ። ነገ 4ኬ ስትከፍት 16 ጊጋ እንደማይበቃህ ትረዳለህ፤ ይህን ከአሁኑ ልንገርህ። ኤች610 ላይ ወደ 32 ለማሳደግ ሁለቱንም አውጥተህ ሁለት ባለ 16 መግዛት ይኖርብሃል። አራት ማስገቢያ ያለው ቢ660 ላይ ግን ሁለት ባለ 8 ትጨምራለህ፣ አለቀ። የአሮጌውን ፍጥነት ተመልክተህ ተመሳሳዩን ፈልግ። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁሉም በዘገምተኛው ይሄዳሉ፤ ይሠራሉ ግን።

ተጠንቀቅ፣ ሁለት ማስገቢያ ብቻ ያላቸው ቢ660ዎችም አሉ። ሣጥኑን ሳይሆን ቦርዱን አይተህ ቁጠር።

አራቱ ውስጥ ሁለት ስታስገባ እንደ ታክሲ ወንበር ከጥግ ጀምረህ አትደርድር። ከፕሮሰሰሩ ወዲህ እየቆጠርክ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ አድርግ። አብዛኞቹ ቦርዶች የሚያዙት እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ካስገባሃቸው ሁለቱም በአንድ ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ላይ ይወድቃሉና ፍጥነት ታጣለህ።

የዲዲአር ነገር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብብ። 12400 ራሱ ዲዲአር4ንም ዲዲአር5ንም ያውቃል። የሚወስነው ቦርዱ ነው። አንዱ ቢ660 ዲዲአር4 ነው፣ አጠገቡ የተደረደረው ዲዲአር5 ነው፣ ሁለቱም ሣጥን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቢ660 ነው። ልዩነቱ የምትታየው ከስሙ ጫፍ ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ አንዳንዱ አምራች «ዲ4» ይላል፣ ሌላው «ዲዲአር4» ብሎ ሙሉውን ይጽፋል። ሁለቱም ራሞች 288 ፒን አላቸው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው። መሐል ያለችው ቁራጭ ግን ቦታዋ ይለያል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ራምህን ኪስህ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክር። አያሳፍርም።

ኤች610 እና ቢ660 የሚለያዩበት ሌላው ነገር ማከማቻ ነው። ኤች610 ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ የኤም.2 ማስገቢያ (ቀጭን ኤስኤስዲ ቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት) ነው የምታገኘው፤ ፍጥነቱም በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ የተወሰነ ነው። ቢ660 ላይ ሁለት ማግኘት የተለመደ ነው፣ አንደኛው ደግሞ በአራተኛው ትውልድ ይሄዳል። ሁለቱ ሀርድ ዲስኮችህና አሮጌው ኤስኤስዲህ ሳታ (በገመድ የሚሰኩ) ከሆኑ ሦስት የሳታ መሰኪያ ያስፈልግሃል፤ አራት ያለው ቦርድ ይበቃሃል። አንዳንድ ቦርድ ግን ኤም.2 ስትሰካ አንዱን የሳታ መሰኪያ ያጠፋል። ሀርድ ዲስክህ ድንገት ከተሰወረ ሞተ ብለህ አታልቅስ፤ መጀመሪያ መሰኪያ ቀይርለት።

የመጨረሻው ልዩነት ሙቀት ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የኃይል መጠኑን የሚመጥኑ ክፍሎች አሉ፤ ቪአርኤም ይባላሉ። 12400 በዝርዝሩ 65 ዋት ይባላል፣ ሲጋጋል ግን እስከ 117 ዋት ይስባል። የሁለት ሰዓት ሰርግ ኤክስፖርት ስታደርግ እነዚያ ክፍሎች ሳያርፉ ይሠራሉ። ርካሽ ኤች610ዎች ላይ ራቁታቸውን ናቸው። ቢ660 ስትመርጥ ከላያቸው ላይ ብረት ማቀዝቀዣ የተቀመጠበትን ፈልግ። በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት በግራና በላይ በኩል ያለ፣ ጎድጎድ ያለ ብረት።

ስለ ባዮስ ብዙ አትጨነቅ። ኤች610ና ቢ660 የወጡት ከፕሮሰሰርህ ጋር በአንድ ወር ነው፤ ከሣጥን እንደወጡ ያውቁታል። ማዘመን የሚያስፈልገው እህትህ ሐሳቧን ቀይራ 13400 ወይም 14400 ካመጣችልህ ነው። ያኔ ቢ660 ሳይዘመን ላያነሳው ይችላል፤ ቢ760 ግን 13ኛውን ከጅምሩ ያውቃል። አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ባዮሱን የሚያዘምንበት ቁልፍ ጀርባው ላይ አለው። ያ ቁልፍ ያለውን ካገኘህ ምርጫው ቀላል ነው። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ባዮስ ለማዘመን ሌላ ምክንያት አለ። ከነሱ መካከል ከፍ ያሉት ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ቀስ በቀስ እየተጎዱ ሲስተም ያደናቅፉ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ችግሩን አምኖ ማስተካከያውን በባዮስ በኩል አውጥቷል። የአንተው 12ኛ ትውልድ ስለሆነ አይመለከትህም።

ባዮስ የምታዘምን ከሆነ ግን ያለ ዩፒኤስ አትንካ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ 60 ፐርሰንት ላይ ሆኖ መብራት ሄደብኝ። ዩፒኤሱ «ጢጥ ጢጥ» እያለ እስከ መቶ ያለውን ቆጠርኩ፤ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነበር፣ ሸሚዜ ግን ራሰ።

ቦርዱን ያገለገለ ልትገዛ ካሰብክ አንድ ታሪክ ልንገርህ። የኤልጂኤ ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ናቸው፤ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ቦርድ ገዛሁ። ሁለት ራም አስገባሁ፣ የሚያነበው አንዱን ብቻ። ራሞቹን አቀያየርኩ። ማስገቢያውን በብሩሽ ጠረግሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን አወጣሁና የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁበት። ከሺህ በላይ ፒን ተሰልፎ ሲያብረቀርቅ አንዷ ብቻ ከሰልፉ ወጥታ አንገቷን ደፍታለች። ባለቤቴን የልብስ መርፌ ለምኜ፣ ትንፋሼን ይዤ አቃናኋት። ሁለተኛው ራም ታየ። የተሰበረች ብትሆን ኖሮ ግን ቦርዱ በአንድ ቻናል ይቀር ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ቦርድ ስትገዛ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብራ። ከላይ ሁሉም ደህና ይመስላል። የሶኬቱ ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ከሌለው የበለጠ ጠርጥር፤ ክዳን የሌለው ቦርድ ላይ የማንም ጣት አርፎ ሊሆን ይችላል።

የቢሮ ማሽኖች አካል የሆነ ቦርድ ደግሞ በርካሽ ቢቀርብልህ እለፈው። ትልልቆቹ ብራንዶች ብዙ ጊዜ የኃይል መሰኪያቸውንና የብሎን ቦታቸውን በራሳቸው መንገድ ነው የሚሠሩት። ተራ ፓወር ሳፕላይ ላይገባለት፣ ተራ ኬዝ ላይም ላይቀመጥ ይችላል። አሮጌው ማሽንህ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ኬዙንም አትቁጠረው። ቢ660 ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማይክሮ ኤቲኤክስ በሚባለው መጠን ነው፤ 24.4 በ24.4 ሴንቲሜትር። ይህን የሚቀበል ኬዝ የትም ታገኛለህ።

እህትህን ስታናግር ሌላም ጠይቃት፦ ፕሮሰሰሩ በሣጥን ነው ወይስ «ትሬይ» የሚሉት? በሣጥን የሚሸጠው ከነፋኑ ይመጣል፣ ለአንተም ይበቃሃል። ትሬይ ግን ባዶውን ነው። የአሮጌውን ማሽን ፋን እንዳትመካበት። የድሮዎቹ የኢንቴል ሶኬቶች የፋን ቀዳዳ ርቀት 75 ሚሊሜትር ነበር፤ 1700 ላይ 78 ሆኗል። ሦስት ሚሊሜትር ናት፣ ግን አትገባም።

የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ስለሚሠራው ራይዘን ፕሮሰሰር አልጠየቅህም፤ ሻጮች ግን ማንሳታቸው አይቀርም። ራይዘን 5 5600 ጥሩ ነው፣ ኤኤም4 ሶኬት ነው፣ ዲዲአር4ህን ይቀበላል፤ ቢ550 ቦርድ ላይ ያለምንም ጣጣ ይሄዳል። ግን እሱም ግራፊክስ የለውም። ኤኤም5 የሚባለው አዲሱ ሶኬት ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ ነው። እህትህ ኢንቴሉን ከጀመረች እዚያው ቆይ።

ፓወር ሳፕላዩን በመጨረሻ ያነሳሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ሁሉንም የሚገድለው እሱ ስለሆነ ነው። ቦርዱ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፦ ሰፊው 24 ፒንና ለፕሮሰሰሩ የሚሆን 8 ፒን። የግራፊክስ ካርዱም ገመድ 8 ፒን ሊሆን ይችላልና አታምታታቸው፤ የፕሮሰሰሩ አራት አራት ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት። «600 ዋት» ተብሎ በእጅህ ስታነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልህን አትግዛ። ርካሾቹ ላይ ደግሞ ከጀርባ አንዲት ቀይ ማብሪያ አለች፣ 115 እና 230 የሚል የተጻፈባት። የኛ መብራት 220 ነው። 115 ላይ ሆና ከሰካህ «ጧ!» ይላል፣ ጭስ ይሸትሃል። ገመዱን ግድግዳው ላይ ከመሰካትህ በፊት ማሽኑን ዞር አድርገህ ቀይዋን እያት።